ሶክስ3 አንቲቦዲ፦ 25 ላይ ባዶ፣ 50 ላይ ወፍራም ባንድ

ጄል_ጠባቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሶክስ3 የሚባለው፣ የሴልን ምልክት የሚያፍን ፕሮቲን ሊያሳብደኝ ነው።

ሄፕጂ2 ሴሎች (የሰው ጉበት ሴል መስመር) ኢንተርሊዩኪን-6 (ለሴሎች መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን) እሰጣቸዋለሁ፣ ያድራሉ፣ ጠዋት በሪፓ በፈር (ሴል ማፍረሻ ፈሳሽ) ሰብስቤ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ ማየት) እሠራለሁ። አንቲቦዲው የጥንቸል ፖሊክሎናል ነው። የምርት መግለጫው ባንዱ ከ25 እስከ 30 ኪሎዳልተን ባለው ክልል ይታያል ይላል። እኔ ጋ እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ ምንም የለም። 50 አካባቢ ግን ወፍራም ባንድ አለ። ኢንተርሊዩኪን ባገኘውም ባላገኘውም ናሙና ላይ እኩል ነው። ለማነጻጸሪያ የማየው ጂኤፒዲኤች ደህና ወጥቷል። ፖንሶ (የፕሮቲን ቀለም) ስቀባም ፕሮቲኑ ወደ ሜምብሬኑ ተሻግሯል።

የበለጠ ግራ ያጋባኝ ኪውፒሲአሩ (የኤምአርኤንኤ መለኪያው) ነው። ኢንተርሊዩኪን በተሰጣቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሶክስ3 ኤምአርኤንኤ በጣም ከፍ ይላል። አማካሪዬ «50ው ዳይመር ይሆናል፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ነው» ብለዋል። ሒሳቡ ይገጥማል፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም። አንቲቦዲውን ልጣለው ወይስ ሌላ የምሞክረው ነገር አለ?

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
አትጣለው፣ ገና አልፈተንከውም። መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ።

ሶክስ3 ሴል ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ፕሮቲን አይደለም። ኢንተርሊዩኪን-6 ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ጂፒ130 የሚባለው አጋር ይጠራል። ከጂፒ130 ጋር የተያያዙት ጃክ ኪናሶች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች) ይነቃሉ። እነሱ ስታት3 የሚባለውን ፕሮቲን ታይሮሲን 705 ላይ ፎስፎሪሌት ያደርጉታል (ፎስፌት ይለጥፉበታል)። ስታት3 ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ብዙ ጂኖችን ይከፍታል፣ ከእነሱ አንዱ የሶክስ3 ጂን ነው። የተመረተው ሶክስ3 ተመልሶ ጂፒ130 ላይ ታይሮሲን 759 ጋ ይይዛል፣ ጃኩንም ያፍናል። በአጭሩ፣ ውሃው ሲሞላ ቧንቧውን እንደሚዘጋው የታንከር ተንሳፋፊ ነው። ሥራው መዝጋት ነው። ከዘጋ በኋላ ደግሞ ራሱም ቶሎ ይፈርሳል።

ስለዚህ ጠዋት የምትሰበስበው ሴል ውስጥ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ኪውፒሲአርህን በአንድ ሰዓት፣ ፕሮቲንህን በማግስቱ እያየህ ሁለቱ ለምን አይገጥሙም ማለት አይቻልም። ያለ ኢንተርሊዩኪን፣ ከዚያ ከ30 ደቂቃ፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ሰብስብ። በዚያው ላይሴት (የፈረሰ ሴል ናሙና) ላይ ፎስፎ-ስታት3ንም (ፎስፌት የተለጠፈበትን ስታት3) አብረህ እይ። ፎስፎ-ስታት3 ካልወጣ አንቲቦዲህን መውቀስ አትችልም፣ ሴሉ ምልክቱን አልሰማም ማለት ነው።

ሰማያዊ_ጓንት፦
50 ላይ ያለው የአንቲቦዲ ከባድ ሰንሰለት (ትልቁ ክፍሉ) ይሆን? እኔ ሁልጊዜ 50 ላይ ወፍራም ባንድ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
ሰማያዊ፣ የአይጥ ጉበት ወይም ስፕሊን ቢሆን ልክ ነሽ። ቲሹ ውስጥ የእንስሳው የራሱ ኢሚዩኖግሎቡሊን (አንቲቦዲ) አለ፣ ፀረ-አይጥ ሰከንደሪ (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ፣ ፕራይመሪውን፣ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ) ስትጠቀሚ እሱን ያነሳል። ጄል_ጠባቂ ግን የሰው ሴል መስመር ላይሴት ላይ ነው የሚሠራው፣ ሰከንደሪውም ፀረ-ጥንቸል ነው። ሄፕጂ2 ኢሚዩኖግሎቡሊን አያመርትም። ለማንኛውም ማጣራቱ ቀላል ነው። አንድ ሌን ቆርጦ ያለ ፕራይመሪ፣ በሰከንደሪ ብቻ ማስነሳት። ባንዱ እዚያም ካለ ችግሩ ከሰከንደሪው ነው።

አንድ_ማይክሮሊትር፦
ዳይመር የሚለውን ነገር ግን ሰዎች በጣም ያበዙታል። ናሙናው ፕሮቲን የሚፈቱት ኤስዲኤስና ቤታ-መርካፕቶኤታኖል ተጨምሮበት ፈልቷል። እዚያ ውስጥ ሳይፈርስ የሚቀር ዳይመር የለም አልልም፣ አለ። ግን ዳይመሩ ሞልቶ ሞኖመሩ (ነጠላው) አንዲት ጠብታ እንኳ ሲጠፋ እንዴት ይሆናል? ደግሞ ሶክስ3 ከሆነ ኢንተርሊዩኪን ሲጨመር መጨመር ነበረበት። ባንዱ አልተነቃነቀም። አማካሪህን በአክብሮት «ሶክስ3ን በኤስአይአርኤንኤ አዳክመን እንሞክር» በላቸው። ያ ክርክሩን ይዘጋዋል።

የማታ_ፈረቃ፦
እኔ አጭር መንገድ ልንገርህ፦ ኤምጂ132። ሶክስ3 የሚፈርሰው በፕሮቲያሶም (የሴሉ ፕሮቲን ማፍረሻ) ነው። ፕሮቲያሶሙን በኤምጂ132 ስትዘጋው ፕሮቲኑ ይከማቻል፣ ባንዱም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሰዓት ተከታታይ ምናምን ሳትል አንቲቦዲው እንደሚሠራ ታውቃለህ።

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
የማታ፣ አንቲቦዲው ይነክሳል ወይስ አይነክስም ለሚለው ጥያቄ ብቻ ከሆነ እሺ። ለባዮሎጂው ግን አደገኛ ነው። ፕሮቲያሶም ሲዘጋ ሴሉ ጭንቀት ውስጥ ይገባል፣ ሌሎች የምልክት መንገዶችም ይረበሻሉ።

ሌላም ነገር አለ። በጭንቀት ጊዜ ሶክስ3 ከሁለተኛ መነሻ ሊተረጎም እንደሚችል በ2003 ታትሟል። የመጀመሪያዎቹ 11 አሚኖ አሲዶች ይቀራሉ። ከእነሱ መካከል ላይሲን 6 አለ፣ ዋናው የዩቢኩዊቲን (ፕሮቲኑ እንዲፈርስ የሚለጠፍበት ምልክት) መያዣ እሱ ነው። እሱ ሲቀር አጭሩ ፕሮቲን ከሙሉው ይልቅ ይቆያል። ስለዚህ ኤምጂ132 ሰጥተህ ሁለት ተጠጋግተው የወጡ ባንዶች ብታይ ወዲያው «ብልሹ አንቲቦዲ» እንዳትል።

አንድ_ማይክሮሊትር፦
እዚህ ላይ የምጨምረው፣ አንቲቦዲው የተሠራው በየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል ላይ እንደሆነ ፈልጉ። በመነሻው ጫፍ ፔፕታይድ ላይ ከሆነ ያንን አጭር ዓይነት ጨርሶ ላያየው ይችላል። ከመሃል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መሃሉ ኤስኤች2 ዶሜይን ነው፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ አላቸው። የምርት መግለጫው ይህን ካልጻፈ ጠይቁ። የማይመልስ ሻጭ አንቲቦዲ እኔ አልገዛም።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። «ቤተሰቡ» ስትሉ ስንት ናቸው? ደግሞ ይህ አንቲቦዲ ለሕመምተኛ ከሚሰጡት ፀረ-ኢንተርሊዩኪን መድኃኒቶች ጋር አንድ ነው?

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
ከርዕሱ አልወጣህም። ስምንት ናቸው፦ ሲስ እና ከሶክስ1 እስከ ሶክስ7። ሲስ በ1995 ነው የተገኘው። ሶክስ1ን በ1997 ሦስት ቡድኖች በየፊናቸው አገኙት፣ ለዚህ ነው በድሮ ጽሑፎች ጃብ እና ኤስኤስአይ-1 እየተባለ የምታገኘው። ሁሉም መሃላቸው ላይ ኤስኤች2 ዶሜይን፣ መጨረሻቸው ላይ ሶክስ ቦክስ አላቸው። ሶክስ ቦክሱ ኤሎንጊን ቢ እና ሲን፣ በእነሱም በኩል ከሊን 5ን ይይዝና የዩቢኩዊቲን ማሽን ይገነባል። ሶክስ1 እና ሶክስ3 ከዚህ ሌላ ጃክን በቀጥታ የሚያፍን አጭር ክፍል አላቸው። ጃክ1ን፣ ጃክ2ን እና ታይክ2ን ያፍናሉ። ጃክ3ን ግን አይነኩም።

ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ከአይጦቹ ታያለህ። ሶክስ1 የሌላት አይጥ ተወልዳ ሦስት ሳምንት አትሞላም፣ ዋናው ገዳይ ልጓም ያጣ ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። ሶክስ3 የሌላት ደግሞ ከነጭራሹ አትወለድም፣ የእንግዴ ልጁ ተበላሽቶ ፅንሱ ይሞታል።

መድኃኒቱ ሌላ ነው። ለምሳሌ ቶሲሊዙማብ የሚይዘው የኢንተርሊዩኪን-6 ተቀባይን ነው፣ ከሴሉ ውጭ። ሶክስ3 ሴሉ ውስጥ ነው። አንቲቦዲ ሕያው ሴል ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም። ስለዚህ የእኛ አንቲቦዲ ሴሉ ከፈረሰ ወይም ሽፋኑ ከተበሳ በኋላ የሚሠራ የላብ ዕቃ ነው፣ ማንንም አያክምም።

ፋይብሮ፦
እኔም እዚህ ክር ላይ ልጠጋ። የኔ ችግር ከጄል_ጠባቂ ይብሳል። ፋይብሮብላስት ነው የምሠራው። ኢንተርሊዩኪን-6 ብሰጥም ፎስፎ-ስታት3 እንኳ አይወጣም። ሶክስ3ማ ተዉት። አዲስ ጠርሙስ ኢንተርሊዩኪን ገዛሁ፣ ያው ነው።

አንድ_ማይክሮሊትር፦
ፋይብሮ፣ ሴሎችሽ ምናልባት ተቀባዩ የላቸውም። ጂፒ130 በአብዛኛው የሰውነት ሴል ላይ አለ። የኢንተርሊዩኪን-6 የራሱ ተቀባይ ግን በጉበት ሴሎችና በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው በዋናነት የሚገኘው። ሌላው ሴል ኢንተርሊዩኪን-6 ብቻውን ሲመጣ አይሰማውም። የሚሟሟውን ተቀባይ አብረሽ ጨምሪ። ሁለቱ ተጣምረው ጂፒ130 ላይ ያርፋሉ። ወይም ኦንኮስታቲን ኤም ሞክሪ፣ ፋይብሮብላስት ለሱ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፣ መንገዱም በዚያው በጂፒ130 ነው።

ደግሞ ገንዘብሽን ሁለተኛ ጠርሙስ ላይ ከማፍሰስሽ በፊት ተቀባዩን በኪውፒሲአር ማየት ይቀልሻል።

የማታ_ፈረቃ፦
ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ የጄል_ጠባቂ አንቲቦዲ በብዙ ጽሑፎች ላይ ከተጠቀሰ ይሠራል ማለት አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ማጣራት እያንዳንዳችን ከባዶ የምንጀምር ከሆነ መቼ ሥራ እንሠራለን?

አንድ_ማይክሮሊትር፦
አይደለም። በዚህ ላይ አልስማማም፣ በደንብ አልስማማም።

በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በ65 ፕሮቲኖች ላይ የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን ወስደው ጂኑ ያለውን ሴልና ጂኑ የተቆረጠበትን ሴል ጎን ለጎን አድርገው ፈተኗቸው። ከዚያ የወደቁት በጽሑፎች ላይ ስንት ጊዜ እንደዋሉ አዩ። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ ወደ 12 የሚሆኑ ጽሑፎች ፕሮቲኑን የማያውቅ አንቲቦዲ ተጠቅመው ነበር። መጠቀስ ማለት መፈተን አይደለም። አንዱ ሌላውን አይቶ ይገዛል፣ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ ይገዛል።

በዚያው ጥናት ሪኮምቢናንት አንቲቦዲዎች ከሞኖክሎናሉም ከፖሊክሎናሉም በአማካይ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ፖሊክሎናል ስትገዛ የምትገዛው ከአንድ ጥንቸል ደም የወጣ ድብልቅ ነው። ጥንቸሏ ስታልቅ ቀጣዩ ሎት ከሌላ ጥንቸል ነው። የካታሎግ ቁጥሩ ግን ያው ይሆናል። ሪኮምቢናንቱ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፣ ዛሬም ከአምስት ዓመት በኋላም ያው ሞለኪውል ነው።

የማታ_ፈረቃ፦
እሺ፣ ቁጥሩ ከባድ ነው። ግን ሁሉም ሰው ኖክአውት (ጂኑ የተቆረጠበት) ሴል የለውም።

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
የለውም፣ ልክ ነህ። በ2016 ባለሙያዎች ተሰብስበው አምስት የማጣሪያ መንገዶች አቅርበው ነበር፣ ሁሉም ኖክአውት አይጠይቁም። ጂኑን መቁረጥ ወይም ማዳከም አንዱ ነው። ሌላው ውጤቱን አንቲቦዲ በማይጠቀም ዘዴ ማወዳደር ነው። የተለየ ቦታ በሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ማየትም አለ፣ ታግ (መለያ ቅጥያ) የተደረገ ፕሮቲን ማስገባትም አለ። አምስተኛው አንቲቦዲው የያዘውን በማስ ስፔክትሮሜትሪ መለየት ነው። ለጄል_ጠባቂ የሚቀርበው ኤስአይአርኤንኤ ነው። ነገር ግን ኤስአይአርኤንኤውን ከኢንተርሊዩኪን ጋር፣ ፕሮቲኑ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ካላየው ከንቱ ነው። ባዶን ማዳከም አይቻልም።

ታግ ያለው ሶክስ3 ሄክ293 ሴሎች ውስጥ አስገብቶ «ይኸው ባንዱ!» ማለት ብቻውን አያጠግበኝም። ያን ያህል ፕሮቲን ሲከመር ደካማ አንቲቦዲም ያየዋል። ትክክለኛው ፈተና ሴሉ በራሱ የሚያመርተው መጠን ላይ ነው። ደግሞ ታጉ ክብደት ስለሚጨምር ባንዱ ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አትርሳ።

ጄል_ጠባቂ፦
ተመልሻለሁ። ቀዝቃዛ እንዳልከው የሰዓት ተከታታይ አደረግኩ። የሰበሰብኩትም በሪፓ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ሞቅ ያለ ኤስዲኤስ በፈር በቀጥታ አፍስሼ ነው፣ እየተፈጨ ሳለ እንዳይፈርስ ብዬ። ሜምብሬኑን ከ0.45 ወደ 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ፒቪዲኤፍ ቀየርኩ።

ውጤቱ፦ ከ25 ትንሽ ከፍ ብሎ ባንድ አለ! ኢንተርሊዩኪን ባላገኘው ላይ የለም። 30 ደቂቃ ላይ ጥላ ቢጤ ነው፣ በ1 እና በ2 ሰዓት ወፍራም፣ በ4 ሰዓት ቀንሷል፣ በ8 ላይ በጭንቅ ነው የሚታየው። ፎስፎ-ስታት3 ቀድሞ ይወጣል፣ ሶክስ3 ሲመጣ ይወርዳል። በኤስአይአርኤንኤ የ25ቱ ባንድ ደከመ። 50ው ንቅንቅ አላለም፣ ያለ ፕራይመሪ ባስነሳሁት ሌን ላይ ደግሞ የለም። ስለዚህ አንቲቦዲው ሌላ የሚይዘው ፕሮቲን አለ ማለት ነው። ለአማካሪዬ አሳየኋቸው፣ «ዳይመሩን ተወው» አሉ።

በኤስአይአርኤንኤው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር፣ ሶክስ3 ሲዳከም ፎስፎ-ስታት3 በ4 ሰዓትም አልወረደም።

ቀዝቃዛ_ክፍል፦
እሰይ! ያ የመጨረሻው ነገር ከባንዱ በላይ ደስ ይላል። በ2003 ሦስት ቡድኖች ሶክስ3 በተቆረጠባቸው የአይጥ ሴሎች ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፦ ኢንተርሊዩኪን-6 ሲሰጥ ስታት3 ሳይጠፋ ይቆያል፣ ስታት1ም ከወትሮው በላይ ይነቃል። ማክሮፋጅ ላይ ደግሞ ኢንተርሊዩኪን-6 እብጠትን እንደሚያበርደው እንደ ኢንተርሊዩኪን-10 መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ ሶክስ3 የምልክቱን ቆይታ ብቻ አይደለም የሚወስነው፣ ዓይነቱንም ነው። ፎስፎ-ስታት1ን ታይሮሲን 701 ላይ ብታይ ጥሩ ነው።

ሰማያዊ_ጓንት፦
እንኳን ደስ አለህ። 50ውን ግን በጽሑፍህ ላይ እንዳትቆርጠው። ሙሉውን ሜምብሬን አሳይ።

ጄል_ጠባቂ፦
አልቆርጠውም። ቀጣዩ ጥያቄዬ፣ ሶክስ3ን በዚሁ አንቲቦዲ ከላይሴቱ ስቤ (ኢሚዩኖፕሪሲፒቴሽን) ጂፒ130 አብሮት ይመጣ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ስቤ ሳበቃ ሶክስ3 መሳቡን በዚያው በጥንቸሉ አንቲቦዲ ብሎት ላጣራ? ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

አንድ_ማይክሮሊትር፦
አሁን የሰማያዊ ጥርጣሬ ቦታውን አገኘ። ለመሳብ የተጠቀምክበት አንቲቦዲ ከተያያዘባቸው ዶቃዎች ጋር አብሮ ይፈላል። ከባድ ሰንሰለቱ 50 ላይ፣ ቀላል ሰንሰለቱ 25 ላይ ይወርዳል። ሶክስ3ህም እዚያው 25 አጠገብ ነው። ፀረ-ጥንቸል ሰከንደሪ ካደረግክ የምታየው ወፍራም ባንድ የራስህ አንቲቦዲ ይሆናል፣ አይተህም ትደሰታለህ።

መውጫው ብሎቱን ከሌላ እንስሳ በተገኘ የሶክስ3 አንቲቦዲ መሥራት ነው፣ ለምሳሌ የአይጥ ሞኖክሎናል፣ የጥንቸል ኢሚዩኖግሎቡሊን የማይነካ ሰከንደሪ ይዘህ። ካልተገኘ ከባድ ሰንሰለትን ብቻ የሚይዝ ሰከንደሪ አለ፣ 25 ላይ ያጸዳልሃል። ስትገዛ ተጠንቀቅ፣ ቀላል ሰንሰለትን ብቻ የሚይዘውም አብሮ ይሸጣል። እሱ 50 ላይ ያለ ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ላንተ ግን ያጠፋሃል። ጂፒ130 ከ130 በላይ ስለሚወጣ እሱን ማየት ላይ ይህ ችግር የለም።

ተራ የጥንቸል ኢሚዩኖግሎቡሊን ያለበት ማነጻጸሪያም ጎን ለጎን ይኑር። 50 ላይ ያለው እንግዳ ፕሮቲንህም አብሮ ስለሚሳብ፣ ጂፒ130 ቢመጣም ማን እንዳመጣው በኤስአይአርኤንኤ ናሙና አጣራ።

ፋይብሮ፦
የሚሟሟውን ተቀባይ ጨመርኩ፣ ፎስፎ-ስታት3 ፏ ብሎ ወጣ! አንድ ማይክሮሊትር ተባረክ። አሁን ፎስፎ-ስታት3ን፣ ጠቅላላ ስታት3ን እና ሶክስ3ን ከአንድ ጄል ማየት እፈልጋለሁ። ሜምብሬኑን አጥቤ ደጋግሜ ላስነሳ ወይስ ልቁረጠው?

ሰማያዊ_ጓንት፦
ስታት3 86 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው፣ ሶክስ3 ደግሞ ታች። ሴሎቹ በቂ ከሆኑ ያንኑ ላይሴት ሁለት ጄል ላይ ጫኚ። አንዱን ለፎስፎ፣ ሌላውን ለሶክስ3 ሙሉ ሜምብሬን አድርጊው። 50 ላይ ቆርጠሽ ብትከፍይው የጄል_ጠባቂ ዓይነት እንግዳ ባንድ ካለሽ በመቀሱ መስመር ላይ ይጠፋብሻል። ፎስፎውን በወተት ሳይሆን በቢኤስኤ (የከብት ሴረም አልቡሚን) ብሎክ አድርጊ፣ ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፎፕሮቲን ስለሆነ ጀርባውን ያቆሽሻል። ላይሴት በፈርሽ ውስጥ ኦርቶቫናዴት (ፎስፌቱ እንዳይነቀል የሚያግድ) መኖሩንም እዪ። ማጠብ ግድ ከሆነ ፎስፎውን አስቀድሚ፣ ጠቅላላውን አስከትይ። እጥበቱ ፕሮቲንም ይዞ ስለሚሄድ ደካማ የሆነው ሶክስ3 ለመጨረሻ አይቀመጥም።